ያልተዛወረው ወረቀት

ዷ!… ዷ!… ዷ!

መቶ አለቃ ከፈለኝ ወልዱ ድምፁን የሰማው ከላንድሮቨሩ ሳይወርድ ነው። የግንቦት ዝናብ የመዝገብ ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ነበር፤ ከዝናቡ ሥር ግን ሌላ ነገር ረጋ ብሎ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እየቆጠረ ይመታል። ሰው ሞቶበታል ተብሎ ከተጠራበት ቤት ለቅሶ ነበር የጠበቀው። ይህ ለቅሶ አይደለም።

በሩን ገፍቶ ገባ። አዲስ የብረት ካቢኔት በፊቱ ተደፍቶ ወለሉን ሞልቶታል። ከሥሩ አንድ ጥንድ እግር ወጥቷል፤ የጫማው ክር ጠዋት እንደታሰረ በሥርዓቱ ነው። ከእግሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንዲት ወጣት ሴት ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ፋይል ላይ ማህተም ትመታለች። ዷ!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማህተም እየመታሁ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ሬሳ አጠገብ?»

«በቀን ሰማንያ ፋይል ነው ግዴታው። ኃላፊው፣ ሰው ሞተ ተብሎ ሥራ አይቆምም፣ ቀጥዪ አሉኝ።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና አንድ ጨመረች። ዷ!

«በቃ። አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው። ፋይሉንም ዘጋችው።

ማንጠግቦሽ ትባላለች። ከብረቱ ሥር ያለው አለቃዋ አቶ ታረቀኝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የዲላን ሰው መዝገብ ሲጠብቅ የኖረ፣ ለራሱ ግን አንድ ክፍል ቤትና አንድ ጃንጥላ ብቻ ያለው ሰው። ከሦስት ወር በፊት ከአዲስ አበባ ሰርኩላር መጣ። በትልቁ የእንጨት ሳጥን ያለው መዝገብ ሁሉ ወደ ካርድ ተገልብጦ በብረት ካቢኔት ይግባ፤ ካርዶቹን ወደፊት ኮምፒዩተር የሚባል መኪና ያነባቸዋል፣ ይላል። ዲላ ውስጥ ኮምፒዩተር ያየ ሰው አልነበረም። ታረቀኝ ሰርኩላሩን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ «መኪናው የእኔን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ከቻለ ጡረታዬን በደስታ እወጣለሁ» አለ አሉ።

ሥራውን ማንጠግቦሽ አስረዳችው። ታረቀኝ ከአሮጌው ፋይል እያነበበ ካርዱን ይሞላል። እሷ አሮጌው ላይ «ተዛውሯል» የሚል ማህተም ትመታለች። ማህተም የተመታበት ፋይል አሥር አሥሩ በቃጫ ይታሰርና ዓርብ ዓርብ የሦስት ሰው ኮሚቴ ፈርሞ ግቢው ውስጥ በበርሜል ይቃጠላል።

«ካርዱ ላይ ያልገባውስ?» አለ ከፈለኝ።

«ያልገባው ይቃጠላል።»

በዚህ መሐል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ተሻለ ገባ። ካኪው በካውያ የተተኮሰ ነው። አፉን በነጭ መሐረብ ይዟል።

«ጥርሴ ነው፣ ይቅርታ» አለ ከመሐረቡ ሥር። «ያሳዝናል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ግን ግልጽ አደጋ ነው። ሽማግሌ ነው፤ የብረት ዕቃ አያውቅም። የላይኞቹን መሳቢያዎች ሞልቶ ሁሉንም አንድ ላይ ሲስባቸው ካቢኔቱ ተደፋበት። ለደንቡ ያህል ጻፉና ሬሳው ይነሣ። ዓርብ ርክክብ አለብን።»

ልክ ይመስላል። ልክ የሚመስል ነገር ደግሞ ከፈለኝን ያሳክከው ነበር።

ረዳቱ አስር አለቃ ኃይለኢየሱስ ከሦስት ሰዎች ጋር ካቢኔቱን ቀና አደረገው። አብሯቸው የመጣው የጤና ረዳት ተንበርክኮ ሬሳውን አገላበጠ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ አለ፦ «ብረቱ የወደቀው ደረቱ ላይ ነው። የተፈነከተው ግን ማጅራቱ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ይህ ቁስል ደግሞ ማዕዘን አለው።»

ከፈለኝ ዙሪያውን ተመለከተ። ጥግ ላይ ያ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ቆሟል፤ ማዕዘኖቹ በብረት የተለበጡ፣ የጃንሆይ ዘመን ዕቃ። አንደኛው ማዕዘን ላይ ባዶ ጆንያ ተጥሎበታል። ጆንያውን አነሣው። ደሙ ደርቋል።

ወደ ካቢኔቱ ተመለሰ። ከጎኑ በታረቀኝ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ከታች ወደ ላይ ይሞላ። ከላይ ከከበደ ይወድቃል።» የታችኞቹ ሁለት መሳቢያዎች ባዶ ናቸው። የላይኞቹ ጢም ብለዋል፤ ካርዶቹም በእቅፍ እየታፈሱ የተወረወሩ ይመስል ቁጥራቸው ተዘባርቋል። ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ሰው ማስጠንቀቂያውን ሊሽር አይችልም።

የገደለው አሮጌው ሳጥን ነው። የተከሰሰው አዲሱ ካቢኔት።

ከፈለኝ ለተሻለ ምንም አልነገረውም። ማንጠግቦሽን ግን በረንዳው ላይ ለብቻዋ አገኛት። «ትናንት መጨረሻ ማን መጣ?»

ወደ በሩ አየት አደረገች። «ወይዘሮ ጦይባ። ባለ ጨርቅ ሱቋ። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ እሷ ሄዳ ነበር። ግን ስታለቅስ አይቻታለሁ። ሰኞ ደግሞ የባሏ ወንድም፣ ሾፌሩ ከሊፋ፣ ጋሼ ታረቀኝን ጣትህን እቆርጠዋለሁ ብሎ ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

*

የጦይባ ሱቅ ከገበያው ራስጌ ነው። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ ዝናቡ እየገረፈውም አንዱ ክንፍ ተከፍቶ ይውላል። ውስጡ አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ የትምህርት ቤት ካኪ። ጦይባ አርባ ዓመት ይሆናታል። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«አቶ ታረቀኝን መቼ አዩት?»

«ትናንት፣ አሥር ሰዓት ግድም። ምነው?»

«ሞቷል።»

የአቡጀዲ ጣቃ ላይ ዘፍ አለች። «ኢናሊላሂ…» ወዲያው ደግሞ «ወረቀቱስ?» አለች። የተናገረችውን ራሷ ስትሰማው ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰው ሞተ ሲሉኝ ወረቀት ጠየቅሁ።»

«የምን ወረቀት ነው?»

ነገረችው። በሰባ ዓ.ም. ጥር ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ባሏን ኸድሩን ከዚሁ ባንኮኒ ወሰዱት። ሲወጣ ሜትሩን እጇ ላይ አስቀምጦ «በሩን እንዳትዘጊው፣ አሁን እመጣለሁ» አላት። አልመጣም። ቆይቶ «በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብቷል» የሚል ወሬ ተነዛ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አሁን ታዲያ አዲሱ ካርድ «ሁኔታ» የሚል ቦታ አለው፤ ከሥሩ ሦስት ሣጥን፦ አለ፣ ሞቷል፣ ሸሽቷል። «ሸሽቷል» የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ ሱቁ የመንግሥት ነው። ዓርብ ይታሸጋል።

«አቶ ታረቀኝ አሮጌውን ፋይል ሲገለብጥ የርክክብ ወረቀት አገኘ። ባሌን እንደ ጨው ጆንያ ያስረከበና የተረከበ የፈረመበት። ዓርብ ጠዋት ነይ፣ ኮሚቴው ፊት አወጣልሻለሁ አለኝ። ማን ነው የፈረመው ብዬ ብጠይቀው፣ ስሙን ካወቅሽ እንቅልፍ ታጪያለሽ፣ እስከ ዓርብ ተኚ አለኝ።»

«ለምን ለፖሊስ አልሰጠውም?»

«እኔም እሱን ጠየቅሁት። ዝም አለ።»

ከፈለኝ ማስታወሻውን ዘጋ። «ሱቁ የመጨረሻ ንብረትዎ ነው…»

«ለአቡጀዲው ነው የምፈልገው የመሰልዎ?» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «እሱ ሲመጣ የት ያገኘኛል? አሥር ዓመት ሚስትም አይደለሁ፣ ባሏ የሞተባትም አይደለሁ። ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ እንዳልቆጥር ሞቷል ያለኝ የለም። ለዒድ ልብስ እንዳልሰፋለት አይመጣም። ከዚህ ቦታ ከተነሣሁ…»

አልጨረሰችውም። ከፈለኝም አላስጨረሳትም። በሰባ ዓ.ም. እሱ ራሱ በዚህ ከተማ ስድስት ወር ኮንስታብል ነበር፤ የተመለሰው ገና ባለፈው መጋቢት ነው። ከዚያ ዘመን ትዝ የሚለው ጭቃ፣ የፋኖስ ሽታና በሰልፍ የቆሙ ሰዎች ጫማ ነው። ፊት አያስታውስም። ስምማ ጭራሽ።

*

ከሊፋን ከሰዓት በኋላ አመጡት። ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ በእስር ቤት አግዳሚ ላይ እንኳ መሪ እንደያዘ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ዝተሃል?»

«ዝቻለሁ። ወንድሜን ሸሸ ብለህ ከጻፍክ ጣትህን እቆርጠዋለሁ ብያለሁ። ቆረጥኩ?»

«ማክሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ጭቃ ውስጥ።»

«አትቀልድ።»

«ወላሂ፣ ጭቃ ውስጥ! ጨው ጭኜ ወደ ይርጋጨፌ ስወርድ ወናጎን አለፍ ብዬ ተቀረቀርኩ። እስኪመሽ እዚያው ነኝ። ሰው አስገፋሁ።»

«ማን ያውቅልሃል?»

«የገፉኝ ያውቃሉ። ሰድቤአቸዋለሁ።» ከሊፋ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «መቶ አለቃ፣ እኔን አስረህ አምሽ፣ ግድ የለም። ግን ወንድሜ አልሸሸም። ሸሸ ያለው እጁ ያለበት ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ኃይለኢየሱስ ወናጎ ደርሶ ሲመለስ ጫማው አይታይም፤ ጭቃ ብቻ ሆኗል። «ሃያ ሰው ገፍቶታል» አለ። «ሃያውም ስድቡን በቃሉ ያውቀዋል። አንዷ አሮጊት ስትነግረኝ አፍራ ግማሹን ተወችው።»

ከሊፋ ተለቀቀ። ጦይባም ብትሆን ያን ካቢኔት ብቻዋን የምትደፋ አይደለችም፤ ደግሞስ ተስፋዋን የያዘላትን ሰው ምን ብላ ትገድላለች? ለከፈለኝ የቀረው ነገር አንድ ነበር። ከመዝገብ ቤቱ በማስረጃነት ያመጣው እስር ፋይል፤ ከአራት መቶ አሥራ አንድ እስከ አራት መቶ ሃያ። የኸድሩ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ፋይሉ አለ። ውስጡ ግን የሱቅ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ እንጂ ርክክብ የሚባል ወረቀት የለም። ካርዱን ታረቀኝ በለመደው ኮፒያ እርሳስ ሞልቶት «ሁኔታ» የሚለውን ባዶ ትቶታል። «ሸሽቷል» ላይ ያለው ምልክት ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ኃይለኢየሱስ ጣቢያው ውስጥ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ መልሶ እያሰረ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር በአፍንጫው ያዜማል፤ ከፈለኝ ሲገባ ጸጥ አለ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ የልማድ ጉዳይ ነው።

ከፈለኝ አየውና ሳቁ አመለጠው። «ምን በልተህ ነው አንተ?»

«ምንም፣ ጌታዬ።»

«ከንፈርህን እየው እስቲ!»

ኃይለኢየሱስ የመስኮቱ መስታወት ላይ ራሱን አየ። የታችኛው ከንፈሩና የምላሱ ጫፍ ወይን ጠጅ ሆኗል። በእጁ ጠረገው፤ እጁም ወይን ጠጅ ሆነ።

«ይቺ ቃጫ ናት!» አለ። «ታረቀኝ ቁጥሩን በኮፒያ እርሳስ ነው የሚጽፈው፤ ቃጫው በላዩ ታስሮ ሲከርም የእርሳሱን ዱቄት፣ ውኃ ሲነካው ወይን ጠጅ የሚሆነውን፣ ጠጥቶታል። ደረቅ ቃጫ ሲያስሩት ይበጠሳል፤ እኛ አገር፣ ወርቃ፣ በአፉ ስቦ ሳያረጥብ የሚያስር ሰው የለም። እናቴ እንሰት ስትጠቀልል፣ አባቴ ጎጆ ሲያስር… ሳላስበው ነው።»

«ሳታስበው» አለ ከፈለኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ደረቀ። እስሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ኃይለኢየሱስ አሁን ካሰረበት ቦታ ጎን ሌላ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለ፤ የደረቀ፣ የቀደመ። ከእሱ በፊት አንድ ሰው ይህንን እስር ፈትቶ በምራቁ አርጥቦ መልሶ አስሮታል። «ታረቀኝ ሊሆን አይችልም?» አለ ለራሱ።

የታረቀኝን ነገር ማንጠግቦሽ ነግራዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ወረቀት ምራቅ አይወድም» እያለ ኖሯል። ቃጫ አፏ አጠገብ ስታደርስ ካየ በማስመሪያ ጣቷን ይመታት ነበር። በመዝገብ ቤቱ ያሉት ሌሎቹ አርባ እስሮች አንድም ነጠብጣብ የለባቸውም።

«ኃይለኢየሱስ፣ ይህ ቀለም በስንት ቀን ይለቃል?»

ኃይለኢየሱስ ከንፈሩን በሳሙና እየፈተገ ነበር። «ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ሰው ያየዋል፣ ጌታዬ። ቤት ካልዋልኩ በቀር…» እጁ ከነሳሙናው ቆመ። «ወይ መሐረብ ካልያዝኩ።»

*

ጤና ጣቢያው ውስጥ በዚያ ሳምንት ለጥርስ የመጣ ሰው አልነበረም።

ተሻለን ቢሮው ተቀምጦ ሻይ በመሐረቡ ጎን እየጠጣ አገኙት። ግድግዳው ላይ የአዲሱ ሪፐብሊክ ዓርማ ተሰቅሏል።

«ጥርስዎ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው። አላላወሰኝም እንጂ።»

«ትውልድዎ የት ነው፣ ጓድ ተሻለ?»

«አዲስ አበባ ነው ያደግሁት።»

«የተወለዱት?»

«ወርቃ ዳር» አለ፣ ስድብ እንደሚመልስ ሰው። «ታዲያ እሱ ወንጀል ሆነ?»

«ኧረ በጭራሽ። መሐረብዎን ያውርዱልኝ።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ…»

«ያውርዱት።»

ወረደ። ከንፈሩ በሎሚና በአመድ ከመፋተጉ ብዛት ቆስሏል፤ ከቁስሉ ሥር ግን ወይን ጠጁ እንዳለ ነው። አንደበቱ የወርቃን አነጋገር ከረሳ ዘመን አልፏል፤ እጁ ግን አልረሳም ነበር። በጭንቅ ሰዓት፣ በድንግዝግዝ፣ የአባቱን ቤት አስተሳሰር አሰረ።

ተሻለ ሻዩን ወደ ጎን ገፋው። ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። ሸሽቷል ብለህ ጻፍ አልኩት። ሦስት ጊዜ አዘዝኩት። ካርዱ ላይ ያልገባ ነገር አለ ይለኛል። ምን አገባህ፣ አንተ ገልባጭ ነህ አልኩት። ‹ገልባጭ ነኝ፤ ግን ያላየሁትን አልገለብጥም› አለኝ። ገፋሁት። ሳጥኑ ነው የመታው።»

«ካቢኔቱንስ ማን ደፋው?»

ተሻለ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ወረቀቱ ላይ ያንተ ስም አለበት። አስረካቢው አንተ ነህ» አለ ከፈለኝ፤ አንቱታው በገዛ ራሱ ወድቆ ነበር።

ተሻለ ያን ጊዜ ፈገግ አለ። ወይን ጠጅ ፈገግታ። «አላገኘኸውም ማለት ነው።»

«አገኘዋለሁ።»

«ካገኘኸው ጀርባውን አንብብ። እኔ ያንን ሁሉ የፈለግሁት ለራሴ ብቻ ይመስልሃል? በመጋቢት ተዛውረህ ስትመጣ አውቄሃለሁ። አንተ አላወቅኸኝም። አልተቀየምኩም፤ ብዙ ነበርን።»

ኃይለኢየሱስ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ከፈለኝ መስኮት መስኮቱን ነበር የሚያየው።

*

ወረቀቱን ያገኘችው ማንጠግቦሽ ናት፤ ስትፈልገውም አልነበረም። የሞተ ሠራተኛ የራሱ ፋይል ወጥቶ «ሞቷል» ተብሎ ይዘጋል፤ ደንብ ነው። ሠራተኞች ገና ተራቸው ስላልደረሰ ፋይላቸው በአሮጌው ሳጥን ግርጌ ነበር። የጋሼ ታረቀኝን ስታወጣ ከበዳት። ከቅጥር ደብዳቤውና ከሁለት የፈቃድ ማመልከቻዎች መሐል አንድ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተቀምጧል፤ በላዩ በኮፒያ እርሳስ፦ «ይህ ወደ ካርድ አይዛወርም፤ ቦታ የለውም። አይቃጠልም።»

ሽማግሌው አስቦበታል። እሱ ደህና ከሆነ ዓርብ ራሱ ያወጣዋል። ደህና ካልሆነ ደንቡ ያወጣዋል።

«አላነበብኩትም» አለች ማንጠግቦሽ ስትሰጠው። ዓይኗን ከጫማው አላነሣችም።

ከፈለኝ ለብቻው ሆኖ ዘረጋው። በፊት ገጹ፦ «ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም. ኸድሩ የተባለውን ነጋዴ ለጣቢያው አስረክቤአለሁ። የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሪ ተሻለ።» ገለበጠው።

«ከላይ የተጠቀሰውን ግለሰብ ጥር ፳ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለእርምጃ መልሼ አስረክቤአለሁ። ኮንስታብል ከፈለኝ ወልዱ።»

የገዛ ፊርማው ነው። የወ እግር ወደ ግራ የምትሸሽበት፣ እስከ ዛሬም በየቀኑ የሚፈርማት። ሰውዬውን ለማስታወስ ሞከረ። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ምናልባት ጣቶቹ ለስላሳ ነበሩ፤ ምናልባት ሱቄን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት ብሎ ነግሮት ይሆናል። ምንም አልመጣለትም። ጭቃ። ፋኖስ። ጫማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሱ ግን ሞኝ እንኳ አልነበረም፣ ለቆታል።

ታረቀኝ ወረቀቱን ለፖሊስ ያልሰጠበት ምክንያት አሁን ገባው። በመስኮቱ በኩል በርሜሉ ይታያል። ነገ ዓርብ ነው።

*

ዓርብ ጠዋት በርሜሉ ተለኮሰ። ጭሱ ከእርጥቡ አየር ጋር ግቢው ላይ ተኝቶ ቀርቷል። ማንጠግቦሽ ጠረጴዛዋ ጋ ናት፤ ዷ!… ዷ! ከፈለኝ ታረቀኝ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጦ፣ ከፊቱ ካርድ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ወረቀቱ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ አላወጣውም። ኃይለኢየሱስ እሳቱ አጠገብ ቆሞ አንድ ሁለቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየው፤ ምን እንደሚያውቅ አይታወቅም።

ጦይባ በሰዓቷ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ተሻለ ታስሯል» አለ ከፈለኝ።

«ሰምቻለሁ። ወረቀቱስ?»

አሁን ነበር። «አልተገኘም» ብሎ ቢላት የሚጠይቀው የለም። ምልክቱን ብቻ ሰርዞ «ሞቷል» ላይ ቢያደርግላት ሱቋ ይተርፋል፣ እሱም ይተርፋል፤ በርሜሉ ሃያ እርምጃ ነው። እጁ ኪሱ ገባ። ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

ጦይባ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን በጣቷ እየረገጠች፣ እየቆመች ታነባለች። የፊት ገጹን ጨረሰች። ገለበጠችው። «…ለ-እር-ም-ጃ መል-ሼ አስ-ረክ-ቤ-አለ-ሁ። ኮን-ስታ-ብል ከፈ-ለኝ…»

ማህተሙ ቆመ።

ጦይባ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ፣ ትርጉም እንደጠፋው ተማሪ፣ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

«ለእርምጃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«መግደል ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን መግደል ብለህ አልጻፍክም?»

ከፈለኝ ጎንበስ ብሎ የታረቀኝን ኮፒያ እርሳስ አነሣ፣ በሰማያዊ የተደረገውን ምልክት ሰረዘ፣ «ሞቷል» የሚለው ሣጥን ላይ አዲስ አደረገ። ከጎኑ ፈረመ፤ የወ እግር ወደ ግራ ሸሸች።

«ሱቁ የእርስዎ ነው» አለ። «የሚያሽግብዎ የለም። ወረቀቱም የእርስዎ ነው፤ የፈለጉበት ይውሰዱት። እኔ እስኪመጡብኝ ድረስ ከዚህ ቢሮ አልነቃነቅም።»

ጦይባ ወረቀቱን እንደነበረ በአራት አጠፈችው። በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ ላይ አወለቀችና የሱቁን ቁልፍ ካርዱ ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ።

«ወይዘሮ ጦይባ…»

ወጣች። ከፈለኝ እስከ በረንዳው ተከተላት። «ወይዘሮ ጦይባ! ሱቁ እኮ…»

አልዞረችም። በበርሜሉ ጭስ ውስጥ አለፈች፣ ኃይለኢየሱስ መንገድ ለቀቀላት። ገበያውና አሥር ዓመት የጠበቀችበት ሱቅ ከአጥሩ በር በስተቀኝ ናቸው። እሷ በግራ ታጠፈች።